የአያቴ መንደር ኮንዶሚኒየም ውስጥ ገብቷል፤ በድሮ ካርታ ላገኘው እችላለሁ?

ጥያቄው፦ «እናቴ የተወለደችው ከአያት ሰፈር ወዲያ፣ ዛሬ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ካለበት አካባቢ ነው። መንደሩ ፈርሷል። ሴት አያቴ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ከመንደሩ ከወጡም ብዙ ዘመናቸው ነው። የሚያስታውሱት ቤታቸው ጉብታ ሥር እንደነበረ፣ ውሃ ለመቅዳት ቁልቁል ይወርዱ እንደነበረ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የግማሽ ሰዓት መንገድ እንደሆነና ገበያ ወንዝ ተሻግረው አቃቂ ድረስ ይሄዱ እንደነበረ ነው። ድሮ የተሠራ የመልክዓ ምድር ካርታ እንዳለ ሰምቻለሁ። የመንደሩን ቦታ በእሱ ማግኘት ይቻላል? ካርታው የት ይገኛል? እንዴትስ ይነበባል?»

ምላሽ፦

ይቻላል። አያትዎ የነገሩዎት ደግሞ ከሚያስቡት በላይ ብዙ ነው። ጉብታ፣ ቁልቁል የሚወረድለት ውሃ፣ የእግር መንገድ ርዝመት፣ የሚሻገሩት ወንዝ፣ የገበያው አቅጣጫ፤ ሁሉም ካርታ ላይ የሚፈለጉ ነገሮች ናቸው። የመንደሩን ስም ብቻ ይዘው ቢመጡ ኖሮ ሥራው በጣም ይከብድ ነበር።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው የድሮ ካርታ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው ስም ነው። ስሙን ሲያጣ «ካርታው ላይ የለም» ብሎ ይተወዋል። እኔ የምመክረው ግልባጩን ነው። የመንደር ስምና ቤት በእንዲህ ዓይነት ካርታ ላይ ከሁሉም ያነሰ እምነት የሚጣልባቸው ናቸው። ውሃው፣ ተዳፋቱና የእግር መንገዱ ግን ይታመናሉ። ከእነሱ ይጀምሩ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ይደረስበታል።

ለምን መሰለዎት? ካርታው የተሠራው ከአየር በተነሳ ፎቶ ነው። ወንዙና ኮረብታው ከፎቶው ላይ በመሣሪያ ተለክተው ይሣላሉ። ስም ግን ፎቶ ላይ አይታይም። ስሙን ለማወቅ ባለሙያ ቦታው ድረስ ሄዶ ሰው መጠየቅ ነበረበት። የተጠየቀው ሰው የመንደሩን ስም ሊናገር ይችላል፤ የወንዙን፣ የጋራውን ወይም የባላባቱን ስምም ሊናገር ይችላል። በዚያ ላይ አካባቢው የኦሮሞ ገበሬዎች አገር ነው። ቋንቋውን የማይችል ሰው የሰማውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ድምፁ ይዛባል። በመጨረሻም ስሙ የሚታተመው ጽሑፍ በሚበቃው ባዶ ቦታ ላይ ስለሆነ፣ ከመንደሩ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ስም ስታነቡ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው አጠገብዎ ይኑር። ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ይከተሉ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። አንድ ብር ሳያወጡ የሚጀምሩበት ቦታ አለ። ኮምፒውተር ላይ ጉግል ኧርዝ ይክፈቱና የዘመን መመለሻውን ወደ ኋላ ይጎትቱት። አካባቢውን የለወጠው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ስለዚህ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተነሱትን ምስሎች ካገኙ፣ እርሻው እርሻ ሆኖ፣ መንደሩም መንደር ሆኖ ይታያል። በበጋ የተነሳውን ምስል ይምረጡ። ሣሩ ስለሚደርቅና አዝመራው ስለሚነሳ የእግር መንገዱ እንደ ነጭ ክር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል። ከቤቱ አጠገብ ነጣ ያለች ክብ ቦታ ካዩ አውድማ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። አውድማ ካለ ደግሞ ገበሬው ሩቅ አይደለም።

ታዲያ ይህ ምስል ካለ የድሮ ካርታ ለምን ያስፈልጋል? አያትዎ የሚያስታውሱት መንደርና በዚህ ምስል ላይ የሚታየው መንደር አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ ነው። በመሃል ሁለት ትልልቅ ነገሮች አልፈዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ገበሬው በገበሬ ማኅበር ተደራጀ። ከዚያም በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የመንደር ምሥረታ ዘመቻ መጣ። ሸዋ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይኖር የነበረ ብዙ ገበሬ ቤቱን አፍርሶ በመስመር ወደተቀየሰ መንደር እንዲገባ ተደረገ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው የተመለሰ አለ፤ እዚያው የቀረም አለ። ስለዚህ በሳተላይት ምስሉ ላይ ቀጥ ባለ መስመር የተደረደሩ ቤቶች ካዩ ቆም ብለው ያስቡ። የአያትዎ የልጅነት ቤት ከዚያ ውጪ፣ ዛሬ ምንም ምልክት የሌለበት ተዳፋት ላይ ሊሆን ይችላል። ያንን የሚያሳየው ከመንደር ምሥረታ በፊት የተነሳ ፎቶና ከእሱ የተሠራ ካርታ ነው።

የሚፈልጉት ካርታ መስፈርቱ 1፡50,000 የሆነው ነው። በእሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ኮንቱር የምንላቸው ቡናማ የከፍታ መስመሮች በየ20 ሜትሩ ተሥለዋል። 1፡250,000 የሚባልም አለ፤ እሱ ግን ለአጠቃላይ እይታ እንጂ ለመንደር ፍለጋ አይሆንም። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሥራ በሰፊው የተካሄደው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የያኔው የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ከአሜሪካ ጦር የካርታ ክፍል ጋር ተባብሮ አገሪቱን ከአየር ፎቶ ያነሳና ይለካ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል፤ ሰው ግን አሁንም «ካርታ ሥራ» ነው የሚለው። ዛሬ ሥራው ያለው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። ሲሄዱ መታወቂያ ይያዙ፤ የትብብር ደብዳቤም ሊጠየቁ ስለሚችሉ አስቀድመው ይጠይቁ። የሚጠይቁት «የቅርቡን እትም» ሳይሆን «ያለውን የመጀመሪያ እትም» ይሁን። ይህን ካልተናገሩ አዲሱን ነው የሚሰጡዎት። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክርም ጎራ ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

የትኛውን ሉህ? እያንዳንዱ ሉህ በሁለቱም አቅጣጫ 15 ደቂቃ ይሸፍናል፤ እኛ አካባቢ በግምት 27 ኪሎ ሜትር በ27 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። አዲስ አበባ አራት ሉሆች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ናት። 9 ዲግሪ ሰሜንና 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ የሚቋረጡት ሜክሲኮና ቄራ መካከል ነው። የእርስዎ አካባቢ ከ9 ዲግሪው መስመር አጠገብ ስለሆነ በምሥራቅ በኩል ያሉትን ሁለቱንም ይውሰዱ። የላይኛው ቁጥሩ በ0938፣ የታችኛው በ0838 ይጀምራል፤ እነዚህ የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪዎች ናቸው። የላይኛው ለገዳዲንና የእንጦጦን ምሥራቃዊ ክፍል ይይዛል። የታችኛው ቦሌን፣ አቃቂንና የረርን ይይዛል። አያትዎ የነገሩዎት ታሪክ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ሉሆች ውስጥ ነው።

ሉሁ እጅዎ ሲገባ መጀመሪያ ጠርዙን ያንብቡ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ትልቅ ጉዳት ነው። ጠርዙ ላይ ከአንድ በላይ ዓመት ሊያገኙ ይችላሉ፦ ፎቶው የተነሳበት፣ ባለሙያዎች ቦታው ላይ ሄደው ያረጋገጡበትና የታተመበት። ለእርስዎ የሚጠቅመው የፎቶው ዓመት ነው። ካርታው ከታተመበት በብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል። ዓመቱ በፈረንጅ ከሆነ ወደኛ ሲመልሱ 7 ወይም 8 መቀነስዎን አይርሱ፤ የአያትዎን ዕድሜ ከካርታው ጋር የሚያገናኙት በዚህ ነው።

ጠርዙ ተቀዶ ወይም ፎቶ ኮፒው ቆርጦት ከሆነ መሬቱ ራሱ ዘመኑን ይናገራል። የለገዳዲ ግድብ የተጠናቀቀው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ነው። የላይኛው ሉህ ላይ ሰማያዊ ሐይቅ ሆኖ ከታየ ካርታው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በሐይቁ ምትክ ሸለቆና ወንዝ ብቻ ካለ ከዚያ በፊት ነው። የድሬ ግድብም ካለበት አዲስ እትም ነው የያዙት፤ እሱ የ1990ዎቹ ነው። የታችኛው ሉህ ላይ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን ይፈልጉ፤ እሱ የ1950ዎቹ ሥራ ነው። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ግን ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ስለገባ ሁሉም ላይ ይኖራል፤ ዘመን ለመለየት አይረዳም። የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

እንግዲህ ዋናው ሥራ እዚህ ይጀምራል። እርሳስ፣ ማስመሪያና ክብ መሣያ ኮምፓስ ያዘጋጁ። ዋናው ሉህ ላይ ግን አይጻፉ፤ ኮፒ አስነስተው በኮፒው ላይ ይሥሩ።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ያግኙ። ቤተ ክርስቲያን በቀላሉ ቦታ አይለቅም። በካርታው ላይ የራሱ ምልክት አለው፤ በፎቶው ላይም ዙሪያውን ባሉት ዛፎች ይታወቃል። አያትዎ «የግማሽ ሰዓት መንገድ» ብለዋል። የአገሬው ሰው በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ማለት ከ2 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ካርታው ላይ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ በአየር መስመር ያንሳል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኑን መሃል አድርገው ከመሃል እስከ ጠርዝ አንድ ክብ በ3 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላ ክብ በ5 ሴንቲ ሜትር ይሣሉ። መንደሩ በሁለቱ ክቦች መካከል ባለው ቀለበት ውስጥ ነው ብለው ይነሱ።

ቀጥሎ ከቀለበቱ ውስጥ ሜዳውን ይሰርዙ። የከፍታ መስመሮቹ ተራርቀው ባዶ የሚሆኑበትን ቦታ ይመልከቱ። በዚህ የምሥራቅ ክፍል ሜዳው በብዛት መረሬ ነው፤ ጥቁር አፈር። ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ጭቃው እግር ይይዛል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ለጤፍ፣ ለሽምብራና ለጓያ ግሩም መሬት ነው፤ ቤት ግን አይሠራበትም። ገበሬው ቤቱን የሚሠራው ከሜዳው ከፍ ብሎ ውሃ በሚያጠፋ ተዳፋት ላይ ነው፤ ከብቱም እዚያው ያድራል። የአያትዎ «ጉብታ ሥር» የሚለው ቃል ይህንኑ ነው የሚናገረው። ስለዚህ መስመሮቹ ጠጋ ጠጋ ማለት የሚጀምሩበትን ጠርዝ በእርሳስ ይከተሉ። ሜዳውን ሲሰርዙ ቀለበቱ በጣም እንደሚጠብ ያያሉ።

አሁን ውሃው። የከፍታ መስመር ወንዝ ወይም ሸለቆ ሲያቋርጥ የላቲኑን «ቪ» ፊደል ይመስላል፤ ሹል ጫፉ ሁልጊዜ ወደ ውሃው መነሻ ይጠቁማል። ከመስመሮቹ ጎን ለጎን ሰማያዊው መስመር የሚጀምርበትን ቦታ ይፈልጉ። ምንጭ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ነው። የተቆራረጠ ሰማያዊ መስመር ክረምት ብቻ የሚፈስ ነው፤ ያልተቆራረጠው ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ነው። ምንጭ በራሱ ምልክት ላይሣል ይችላል፤ ትንሽ ነው፣ ከአየር በዛፍ ይሸፈናል። ስላልተሣለ የለም ብለው አይደምድሙ። ፎቶው የሚነሳው ሰማዩ ጥርት በሚልበት በበጋ መሆኑንም ያስቡ። አያትዎ «ክረምት ክረምት ኩሬ ነበረ» ካሉ ካርታው ላይ ባዶ ሜዳ ሆኖ ቢያገኙት አይገረሙ።

ጉብታው ደግሞ 20 ሜትር ካልሞላ የራሱ የከፍታ መስመር ላያገኝ ይችላል። 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ለልጅ ትልቅ ተራራ ነው፤ ለ1፡50,000 ካርታ ግን ከመስመር መስመር መሃል የሚጠፋ ነገር ነው። እንዲህ ያለውን የሚያሳብቀው የመስመሩ ትንሽ ማበጥ ነው። ቀጥ ብሎ ይሄድ የነበረ መስመር ድንገት ወደ ሜዳው ወጣ ብሎ ከተመለሰ፣ እዚያ ላይ አንድ ነገር አለ።

አሁን መንገዱ። የእግር መንገድ በተቆራረጠ ቀጭን መስመር ነው የሚሣለው። እኔ ከካርታው ሁሉ የምወደው እነዚህን መስመሮች ነው። ማንም መሐንዲስ አልቀየሳቸውም፤ እግር ያወጣቸው ናቸው። የት ውሃ እንዳለ፣ የት ወንዙ እንደሚሻገር፣ የት ገበያ እንዳለ የሚያውቁ ሰዎች ለብዙ ዘመን የተመላለሱባቸው ናቸው። አቃቂ ከእርስዎ ቦታ በደቡብ ምዕራብ ነው። አያትዎ የተሻገሩት ወንዝ ትልቁ አቃቂ ወይም ከገባሮቹ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን ያድርጉ፦ ከአቃቂ ባቡር ጣቢያ ይነሱና ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጡትን የእግር መንገዶች በጣት ይከተሉ። ሐዲዱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጣቢያው በየትኛውም እትም ላይ ቦታው አይናወጥም። ብዙ መንገዶች ወንዙ ዳር ሲደርሱ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከተሻገሩ በኋላ እንደገና ይበተናሉ። የሚሰበሰቡባት ነጥብ መሻገሪያዋ ናት። ከመሻገሪያዋ ወዲያ ከተበተኑት መንገዶች ውስጥ ወደ ቀለበትዎ የሚገባው የትኛው ነው? እሱን በቀይ ያቅልሙት።

መንገዱ ሜዳውን ለቆ ተዳፋቱን ሲይዝ፣ በላዩ ትንሽ የመስመር ማበጥ ካለ፣ ከበታቹም ሰማያዊ መስመር ከጀመረ፣ እዚያ አካባቢ የቤት ምልክቶች ባይኖሩም እንኳ ምልክት ያድርጉ። እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሁለት ወይም ሦስት ቢያገኙ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፤ የሚለዩት አያትዎ ናቸው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንዎት ነገር አለ። ካርታውን ለአያትዎ አስቀድመው አያሳዩዋቸው። ጣትዎን አስቀምጠው «እማማ፣ እዚህ ነው አይደል?» ካሏቸው «አዎ ልጄ» ይሉዎታል። እርስዎን ላለማስከፋት ነው። ይልቅ ካርታውን አጥፈው ያስቀምጡና ቀናቸውን ያስጀምሯቸው። ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዎት ነበር ወይስ ከጀርባ? እንስራ ይዘው ሲወርዱ ስንት ጊዜ ያርፉ ነበር? ከብቶቹ የሚወጡት በየት በኩል ነው? ወንዙ ክረምት ሲሞላ ገበያ እንዴት ይሄዱ ነበር? መልሳቸውን እንዳለ ይቅዱ፤ ስልክዎ ላይ ድምፃቸውን ቢይዙም መልካም ነው።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ለዚህ አካባቢ አንዱን እመርጣለሁ፤ የረር ይታይ ነበር ወይ? የረር ተራራ ከቦሌ አራብሳ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። አያትዎ «ከደጃችን ቆመን የረርን እናየው ነበር» ካሉ ቤቱ ከጉብታው በደቡብ ወይም በምሥራቅ በኩል ነው። «ጉብታው ይጋርደን ነበር፤ የምናየው ከላይ ስንወጣ ነው» ካሉ ደግሞ ቤቱ ከጉብታው በሰሜን ምዕራብ ጎን ነው። «እንጦጦ ፊት ለፊታችን ነበር» ቢሉ ይህኛው ይበልጥ ይጠናከራል። አንዲት መልስ ከሦስት ነጥቦች ሁለቱን ልትጥልልዎት ትችላለች። ስም በመጠየቅ ይህን ያህል አያገኙም።

አሁን ነጥቧን ወደ መሬት እናውርዳት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ትንሽ ቴክኒክ ስለሆነ በትዕግሥት ይከተሉኝ። የድሮው ካርታ ላይ የታተሙት የዩቲኤም ቁጥሮች፣ ማለትም ቦታን በሜትር የሚያመለክቱት ቁጥሮች፣ የተመሠረቱት አዲንዳን በሚባል የልኬት መነሻ ላይ ነው፤ ስሙን ያገኘው በሱዳንና በግብጽ ድንበር አካባቢ ካለ ቦታ ነው። ስልክዎ የሚጠቀመው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 የሚባለውን ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ከካርታው ያነበቡትን ቁጥር እንዳለ ስልክዎ ላይ ካስገቡት ከትክክለኛው ቦታ በስተደቡብ 200 ሜትር ያህል፣ በስተምዕራብም 90 ሜትር ያህል ስተው ይቆማሉ። በገጠር ሜዳ ይህ ያን ያህል ላይታወቅ ይችላል። በኮንዶሚኒየም መሃል ግን ሌላ ብሎክ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ አካባቢ በግምት ወደ ምሥራቅ 90፣ ወደ ሰሜን 200 ሜትር ይደምሩ። በዲግሪና በደቂቃ ካነበቡ የልዩነቱ መጠን ሌላ ስለሆነ ይህን ቁጥር ለእሱ አይጠቀሙበት።

ኮምፒውተር የሚችል ልጅ ቤትዎ ካለ ሥራው ይቀላል። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ፕሮግራም በነፃ ነው። ሉሁን ስካን አድርጋችሁ ስታስገቡ ኢፒኤስጂ 20137 የሚለውን ምረጡ፤ አዲንዳን ከዞን 37 ሰሜን ጋር ማለት ነው። ስካኑን ከመሬት ጋር የሚያገጥሙ ማዛመጃ ነጥቦችን ከሉሁ አራቱም ማዕዘን ውሰዱ፤ ከዚያም በቆዩ አብያተ ክርስቲያናትና በወንዞች መገናኛ አረጋግጡ። የመንገድ ኩርባ አትጠቀሙ፤ መንገድ ይቀየሳል። ቤተ ክርስቲያን ላይም አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ አዲሱ ሕንፃ ከአሮጌው ጎን ተሠርቶ ሊሆን ስለሚችል አሮጌው መቅደስ የት እንደነበረ ካህናቱን ጠይቁ። ሁሉንም በጥንቃቄ ብትሠሩም ካርታው ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የእርሳስ ውፍረት መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። የቤቱን ምሰሶ ሳይሆን የግቢውን አካባቢ ነው የምታገኙት።

ካርታው የሰጣችሁን በፎቶ ማጣራት ከፈለጋችሁ ሌላም ምንጭ አለ። አሜሪካኖች ኮሮና በሚሉት የስለላ ሳተላይት ከ1952 እስከ 1964 ዓ.ም. ድረስ የዓለምን ብዙ ክፍል ፎቶ ሲያነሱ ነበር። ፎቶዎቹ በፈረንጅ 1995 ለሕዝብ ተለቀቁ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ኧርዝ ኤክስፕሎረር በሚባል ድረ ገጽ ላይ ስካን የተደረጉትን በነፃ ያወርዳሉ። ያልተደረጉትን በክፍያ ያስደርጋሉ። ከእነሱ በጥራት የተሻሉት ወደ 2 ሜትር ገደማ የሚሆን ነገር ይለያሉ። ጎጆ ቤት እንደ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፤ የእግር መንገድ፣ የእርሻ ድንበርና የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ግን ጎላ ብለው ይወጣሉ። ከዚያም ቀደም ብሎ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ያነሷቸው የአየር ፎቶዎች አሉ፤ ካርታ ሥራ ውስጥ ለብዙ ዘመን ተከማችተው የቆዩ ናቸው። የእርስዎን ቦታ የሚሸፍን ካለ መጠየቅ ነው።

አረንጓዴ ቀለም ሲያዩ ደን ነበር ብለው አይቸኩሉ። አዲስ አበባ ዙሪያ አረንጓዴ ከተቀባው ብዙው ባሕር ዛፍ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ የማገዶ እጥረቱን ለማቃለል ካስመጡት ጊዜ ወዲህ የተስፋፋ። ካርታው ባሕር ዛፉን ከጽድ ላይለይልዎት ይችላል።

ስላልጠየቁት አንድ ነገርም ልናገር፤ ብዙ ሰው በኋላ ስለሚጠይቀኝ ነው። ይህ ካርታ የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም። «ካርታ አለኝ» ሲባል ሰው የሚያስበው የቦታ ባለቤትነት ወረቀቱን ነው፤ ይኼኛው ሌላ ነው። የማን ርስት እንደነበረ፣ ስንት ጋሻ እንደነበረ፣ ማን ባለቤት ማን ጭሰኛ እንደነበረ አንድም ቃል አይልም። በዚያ ሰፈር ከመሬታቸው የተነሱ ሰዎች ሕመም ትኩስ ነው። ነጥቡን ይዘው ሰፈር ሲገቡ የሚያገኟቸው ሽማግሌዎች ለካሣ ወይም ለክስ የመጡ ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆኑ ይናገሩ። የአያትዎን ስም ይጥሩ። ቢቻል ከዚያው አካባቢ የሆነ ዘመድ ይዘው ይሂዱ።

እዚያ ሲደርሱ ሕንፃዎቹን ሳይሆን ቁልቁለቱን ይዩ። ጉብታ በግሬደር ሊደለደል ይችላል፤ ውሃ ግን መሄጃውን አይረሳም። ከብሎኮቹ መሃል የሚያልፍ ቦይ ካለ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ቤዝመንት ካለ፣ የሰፈሩን ጥበቃዎች ይጠይቁ። በካርታው ላይ ካቀለሙት ሰማያዊ መስመር ጋር ያነጻጽሩት። ከገጠመ ምንጩን አግኝተዋል፤ ከምንጩ ዳገቱን ይውጡ።

አሁን የቤተ ክርስቲያኑን ታቦት ስምና አያትዎ የተወለዱበትን ዓመት በግምት ይጻፉልኝ። በየትኛው ሉህ ላይ እንደሚወድቅና የየትኛውን ዘመን እትም መጠየቅ እንዳለብዎት እነግርዎታለሁ። ስለ የረር የጠየቋቸውንም ጨምረው ይላኩልኝ።